በአጥራችን ሥር የተቆፈረው ምሽግ

እጃችሁ እናንተን ሳያማክር ሥራ ጀምሮ ያውቃል? ቤት ከቀየራችሁ በኋላ በጨለማ መብራት ልታበሩ ስትዳብሱ፣ እጃችሁ የድሮው ቤት ማብሪያ ወደነበረበት ሄዶ ባዶ ግድግዳ ነክቶ ያውቃል? እኔን ይገጥመኛል። ዘንድሮ ወደ አዲስ ክፍል ከተዛወርኩ ወዲህ ጠመኔ በፈለግሁ ቁጥር እጄ የሚሄደው አምና ጠመኔ አስቀምጥበት ወደነበረው መስኮት ነው። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በአከራዬ ላይ የደረሰው ግን በሳቅ የሚያልቅ አልነበረም። በእጃቸው ምክንያት ቤታቸው ውሃ ሊቀርበት ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

የምኖረው ቡራዩ ነው፤ ወደ ገፈርሳ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ። ከግቢያችን በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የግድቡ ውሃ በባሕር ዛፎቹ መሃል ያብረቀርቃል። ያ ውሃ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ቦኖ ሄደን ተሰልፈን በጀሪካን እንቀዳለን። የሰፈራችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት፣ «ውሃ የለንም፤ ግን ማየት ይቻላል» ብሎ ይቀልዳል።

አከራዬ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ በሰሜን ድንበር ጦርነት ጊዜ ምሽግ ውስጥ ከርመዋል። አሁን ሰበታ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ዕቃ ይረከባሉ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ሚስታቸውን ደግሞ «እትዬ»። እትዬ ወገባቸውን ያማቸዋል። ጀሪካን እንዳይሸከሙ ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ይሸከማሉ። ጋሼ ሥራ ሲውሉ፣ እኔም ትምህርት ቤት ስውል፣ ሌላ ማን አለ?

ስለዚህ ውሃ ሊገባልን ነው ሲባል ከሁሉ በላይ የተደሰቱት ጋሼ ነበሩ። ስምምነቱ እንዲህ ነው። ዋናው መስመር እስከ መንደሩ አፍ ይመጣልናል። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን ቧንቧ እኛ አዋጥተን ገዝተናል። ቦዩን ደግሞ ራሳችን እንቆፍራለን፤ እያንዳንዱ ቤት በአጥሩ ፊት ያለውን፣ በተወጠረው ሲባጎ ልክ ቀጥ አድርጎ፣ እስከ ጉልበት። ይህን የሚመሩት አንድ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። ኮሚቴውን ስለሚሰበስቡ ሰው ሁሉ «ኦቦ ኮሚቴ» ይላቸዋል፤ ከኮታቸው ኪስ ሜትር ተለይቶ አያውቅም። ሕጋቸው አጭር ነው፦ ያልቆፈረ አይጠጣም።

አሁን ደግሞ ስለ ክፍሌ ልናገር፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሳምንት ባይገጣጠሙ ኖሮ እኔም እንደ ሌላው ሰው ስቄ አልፍ ነበርና። የታሪክ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ሳምንት የደረስነው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ላይ ነበር፤ ወታደሮች ዓመታት በምሽግ ውስጥ ተቀምጠው የተዋጉበት ጦርነት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀልኩ አስረዳለሁ። በሁለቱ ወገኖች ምሽግ መካከል ያለውን ሜዳ «የማንም ያልሆነ መሬት» ብዬ ተረጎምኩት። ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የት ነው እሱ?»

«ፈረንሳይ አገር።»

«ኧረ! እኔ እኮ ቡራዩ መስሎኝ ልሮጥ ነበር።»

«ካርታ የሌለው ማለት ነው?» አለች ሌላዋ።

«ጨረቃ ቤት ይሠራበታላ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ እኛ ሰፈር የማንም ያልሆነ መሬት ካለ እስከ ማታ ሦስት ባለቤት ያገኛል። ሳቁ ሲበርድ፣ በዚያ መሬት ላይ ማንም ምንም እንዳልሠራ፣ ከሁለቱም ወገን መትረየስ ስለተጠመደበት ቁስለኛ እንኳ ማንሳት ጭንቅ እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ ምሽጉን ከላይ ሲያዩት ምን እንደሚመስል በሰሌዳው ላይ ሣልኩ፤ እየታጠፈ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየታጠፈ።

«ቲቸር፣ እጅሽ ተንቀጠቀጠ እንዴ?»

«አልተንቀጠቀጠም። ሆን ተብሎ ነው የሚጣመመው። ቀጥ ብሎ ቢቆፈር አንድ ሰው መትረየስ ይዞ ጫፉ ላይ ከደረሰ ውስጥ ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጨርሳል። የመድፍ ጥይት ውስጡ ቢወድቅም ፍንጣሪው ቦዩን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ከታጠፈ ግን መታጠፊያው ያስቀረዋል።»

ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እኔም በደንብ ያስረዳሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ከአጥሩ ውጭ ጫጫታ ሰማሁ። ጋሼ በእኩለ ሌሊት ተነስተው ድርሻቸውን ጨርሰው ነበር። ሌሎቹ ገና የዶማቸውን እጀታ እያጠበቁ ነው። ኦቦ ኮሚቴ ሜትራቸውን ይዘው ቦዩ አፍ ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው የቀኝ ጎረቤታችን አለ፤ ከደቡብ መጥቶ ፕላስቲክ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ቀልድ የማያልቅበት ወጣት።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ሲባጎው ከችካል እስከ ችካል ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። የጋሼ ቦይ ግን ከሲባጎው ጋር ትንሽ ይሄድና ወደ አጥሩ ይታጠፋል፤ እንደገና ትንሽ ይሄድና ወደ መንገዱ ይመለሳል። እስከ ጉልበት የተባለው እሳቸውን ደረታቸው ድረስ ደርሷል። አፈሩን በሙሉ በአንድ ወገን፣ ወደ ሜዳው በኩል፣ ከምረው በአካፋ ጀርባ ደልድለውታል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ደግሞ በክርን ልክ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ተፍቃለች።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣» አሉ ኦቦ ኮሚቴ፣ «የምንቀብረው ቧንቧ ነው ወይስ እባብ?»

«ፋዘር፣» አለ ወጣቱ፣ «ሲባጎውን ሳያዩት ቀርተው ነው ወይስ ሲባጎው ራሱ ጠጥቶ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ቦዩ ውስጥ ቆመው፣ ሌላ ሰው የቆፈረውን እንደሚያይ ሰው ወዲያና ወዲህ አዩ።

«አይቼዋለሁ እኮ ሲባጎውን» አሉ። «አይቼው ነው የጀመርኩት።»

እትዬ ከበሩ ላይ ተጠግተው፣ «ያቺ ጉድጓድ ደግሞ ምንድናት?» አሉ።

«የቷ?»

«ያቺ፣ ከጎንህ ያለችው።»

ጋሼ ዘወር ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የኮዳ ማስቀመጫ ናት» አሉ።

«ውሃው መች መጣና ነው ኮዳው!» አለ ወጣቱ። እንደገና ተሳቀ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ኦቦ ኮሚቴ አልሳቁም፤ እየለኩ ነበር። «ስማኝ ወንድሜ። ቧንቧው ተለክቶ ነው የተገዛው። አንተ ጋ ሲጠማዘዝ የሚበላው ቧንቧ መጨረሻ ካለው ቤት ላይ ነው የሚጎድለው። እዚያ ያለችው ደግሞ አራስ ናት። እሷን ምን ልበላት? ቧንቧ ሠራተኛው የዛሬ ሳምንት ይመጣል። እስከ ዓርብ ቀጥ አድርገው። ካልሆነ በወዲያ ማዶ አሻግረን እናልፋለን፤ የናንተን ቤት ሌላ ጊዜ እንቀጥላለን።»

«ሌላ ጊዜ» በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ግቢ ተመለሱ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሰሌዳው ላይ የሣልኩት ሥዕል እግሬ ሥር ተቆፍሮ አየሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአስተማሪ ደስታ ነው፤ ተማሪዎቼን አምጥቼ ባሳየሁ አልኩ። ቀጥሎ ግን የጋሼን ፊት አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአካፋው ላይ ጭቃ ይፍቁ ነበር።

«ጋሼ፣ ቦዩ የታጠፈው ለመትረየስ ነው አይደል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ማክሰኞ ዕለት አስተምሬው ነበር።»

«ትምህርት ሆነ?» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሻዩን ተቀብለው አንድ ፉት አሉ። «እኔ ቧንቧውን እያሰብኩ ነው የጀመርኩት። እትዬሽ በሩ ላይ ሆና ባንቧ ስትከፍት እያሰብኩ። ከዚያ ዶማው ሲመታ፣ አፈሩ ሲሸት... ቀና ስል ደረቴ ድረስ ወርጃለሁ።»

«ቀጥ ማድረግ ያስቸግራል?»

«ቁፋሮውማ ምን ያስቸግራል። ውስጡ መቆሙ ነው። ቀጥ ያለ ቦይ ውስጥ ስገባ መጨረሻው ይታየኛል። መጨረሻው ከታየኝ ደግሞ ከዚያ የሚያየኝ ሰው አለ ማለት ነው። እንደሌለ አውቃለሁ እኮ። ጀርባዬ ግን አያውቅም።»

ለማስረዳት የምቸኩል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አዲስ ልጆች መጡልን አንድ ጊዜ» አሉ። «ሲጓዙ ከርመው ደክሟቸዋል። መሬቱም ድንጋይ ነው። ምሽጋቸውን ቀጥ አድርገው ቆፈሩና ነገ እናጣምመዋለን አሉ። ነገን አላዩትም።»

ሻዩን ጨርሰው ብርጭቆውን መለሱልኝና ወደ አካፋቸው ዞሩ።

በዚያ ሳምንት ከሥራ ሲመለሱ በየቀኑ ቦዩ ውስጥ ይገቡ ነበር። ከመስኮቴ አያቸዋለሁ። የታጠፈውን ይሞላሉ፣ በሲባጎው ሥር ቀጥ አድርገው ጥቂት ይቆፍራሉ፣ ከዚያ ድንገት ዘለው ይወጡና ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ላባቸው ሲደርቅ እንደገና ይገባሉ። ሐሙስ ማታ እትዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከዚያ እንዲወጣ ንገሪልኝ። ውሃው ይቅር፤ እኔ እሸከማለሁ።»

«ወገብዎስ?»

«ወገቤ ይታመም። እሱ ሲወጣ የሚያመጣውን ፊት እኔ ነኝ የማየው።»

ስነግራቸው ጋሼ እምቢ አሉ። «ሚስቴ ጀሪካን ስትሸከም ሰፈሩ ባንቧ ሊከፍት? አይሆንም።» ከዚያ ዞር ብለው፣ «አንቺ አስተማሪ አይደለሽ? እኔ መናገር አልችልበትም። ለምን እንደሆነ ንገሪልኝ። ነክቶታል እንዳይሉኝ ብቻ» አሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት ኦቦ ኮሚቴ ሊያዩ መጡ። ሰፈሩም ተከትሏቸው መጣ። ከጋሼ ድርሻ ገሚሱ ገና ጠማማ ነው። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ንግግር እንደማይበቃ ገባኝ፤ ክፍል ውስጥም ሥዕሉ ብቻውን አልበቃም ነበር። ስለዚህ ወጣቱን ጎረቤታችንን ጠራሁትና፣ «አካፋህን ይዘህ እዚህ ጫፍ ላይ ቁም» አልኩት። ሌሎቹን ቀጥ ባለው የጎረቤት ቦይ ውስጥ ገብተው ቁጢጥ እንዲሉ ለመንኩ። አዋቂ ሰዎች ናቸው፤ እየሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ ቀሚስና ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ ገቡ።

«አሁን አካፋው መትረየስ ነው» አልኩት። «ስንት ሰው ይታይሃል?»

ወጣቱ አካፋውን ደግኖ አነጣጠረ። «ሁሉም! ቲቸር፣ አንድ ሰው አይተርፍም! ኦቦ ኮሚቴ፣ እርስዎ መጀመሪያ ነዎት!»

«ከነሜትሬ?» አሉ ኦቦ ኮሚቴ ከውስጥ።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ጋሼ ቦይ፣ ገና ወዳልተስተካከለው በኩል፣ አዛወርኳቸው። ወጣቱ እንደገና ጫፉ ላይ ቆሞ አነጣጠረ። አካፋውን ወደ ግራ አለው፣ ወደ ቀኝ አለው፣ ጎንበስ አለ።

«አንድ ጀርባ ብቻ ነው የማየው» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «ሌሎቹ የሉም።» አካፋውን ዝቅ አድርጎ ወደ ጋሼ ዞረ። «ፋዘር፣ እንደዚህ ያለ ውስጥ ነበሩ እንዴ?»

«ሁለት ክረምት» አሉ ጋሼ።

ማንም አልሳቀም። ከውስጥ ያሉት አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን እየያዙ ወጡ። አንዷ ሴትዮ ያችን የኮዳ ማስቀመጫ በጣታቸው ነክተው አለፉ። ኦቦ ኮሚቴ ኮታቸውን አራገፉ።

«እኔ ገብቶኛል» አሉ በመጨረሻ። «ቧንቧውን ግን ማን ያስረዳዋል?»

ልክ ነበሩ። አራሷም ነበረች፣ የተለካው ቧንቧም ነበረ። መልስ ፍለጋ እኔን አዩኝ፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። የተናገሩት ጋሼ ናቸው።

«ቁፋሮውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ» አሉ። «መድፈኑን ለኔ ተዉልኝ። የሁላችሁንም።»

«የሁላችንንም?»

«ከመንደሩ አፍ እስከ አራሷ ቤት።»

«መድፈንማ ማን ያቅተዋል!» አለ ወጣቱ፤ ልማዱ አልለቅ ብሎት። «ፋዘር ብልጥ ናቸው፤ ከባዱን ለኛ፣ ቀላሉን ለራሳቸው!»

«ቀላል ነው» አሉ ጋሼ። «ግን ሠርቼው አላውቅም። ስንት ምሽግ ቆፍረናል፤ አንዱንም አልደፈንንም። እንቆፍራለን፣ ከዚያ ተነሱ እንባላለን፣ ክፍት ትተነው እንሄዳለን። ሌላ ቦታ ደግሞ እንቆፍራለን። አሁን ድረስ ሁሉም ክፍት ሆኖ ነው የሚታየኝ።»

ኦቦ ኮሚቴ ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ሕጉ ያልቆፈረ አይጠጣም ነው። የደፈነ አይጠጣም የሚል የለበትም» አሉ። ወጣቱ ሸሚዙን አውልቆ ወደ ጋሼ ቦይ ውስጥ ዘለለ። በሲባጎው ሥር ቀጥ አድርጎ ሲጨርስ ገና አልመሸም ነበር።

ቅዳሜ ቧንቧው ተዘረጋ፤ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ እስከ አራሷ በር ድረስ የበቃ። ጋሼ ከመንደሩ አፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ድንጋይ የሌለበትን ለስላሳ አፈር በቧንቧው ላይ ይበትናሉ፤ ከዚያ ሌላውን ይመልሳሉ፤ በእግራቸው ይረግጣሉ፤ እንደገና ይጨምራሉ። ቦዩ ውስጥ መግባት አላስፈለጋቸውም፤ ከላይ ሆነው ነው የሚሠሩት። ጥቂት እንደሄዱ ሰው አካፋ ይዞ ይመጣባቸው ጀመር። ይከለክላሉ ብዬ ነበር፤ አልከለከሉም። «እዚህ ጋ ርገጥ፣ ክረምት ሲመጣ እንዳይሰምጥ» እያሉ አብረው ሄዱ። በገዛ አጥራቸው ፊት ሲደርሱ ግን ሌላው ሰው ራሱ ወደኋላ ቀረላቸው። ብቻቸውን ደፈኑት። ሲጨርሱ ላዩ ላይ ወጥተው ከዳር እስከ ዳር ተራመዱ፤ ሲመለሱም አልቸኮሉም።

ወደ ማታ እትዬ ባንቧውን ከፈቱ። መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እትዬ ጀሪካን አላመጡም፤ እጃቸውን ብቻ ከሥሩ አድርገው ቆዩ። ጋሼ ጭቃ እንደሆኑ መጥተው ፊታቸውን ታጠቡ።

ወደ እናንተ ልምጣ። በየሰፈራችሁ ለቧንቧ ወይም ለስልክ መስመር ተቆፍሮ ክፍት የቀረ ቦይ አይጠፋም። አንዱን ምረጡና ሞክሩት። ከውስጡ ያለው ሥራ ማለቁን ጠይቁ። ለስላሳውን አፈር መጀመሪያ፣ ሻካራውን በኋላ፣ በየመሃሉ እየረገጣችሁ ሙሉት። ከጎረቤታችሁ ደግሞ መቆፈር እንጂ መድፈን ያልደረሰው ሰው ካለ፣ ምንም አትጠይቁት። አንድ አካፋ ትርፍ ይዛችሁ በሩን አንኳኩ።